የሙክትና የሰንጋ ሽንት እንዳይዘጋ፦ ከቆለጡ ጀርባ ያለውን ጥምዝ ማወቅ

የሚደልብ ወንድ በግ ወገቡን አጉብጦ፣ ጅራቱን እየነቀነቀ ደጋግሞ ሲያምጥ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ሆዱ ደርቋል» ነው። ዘይት ይጋቱታል፣ በጠርሙስ ውሃ ያጠጡታል፣ ሆዱን ያሹለታል። በጉን የቸገረው ግን በጠጡ ሳይሆን ሽንቱ ነው። ጠጠር ቱቦውን ዘግቶታል፤ በግድ የተጋተው ውሃም ቀድሞውኑ የተወጠረውን ፊኛ ይበልጥ ይወጥረዋል። እንዲህ ካለው ችግር የሚተርፈው በመጀመሪያው ቀን የታወቀለት ነው። ለማወቅ ደግሞ ከቆለጡ ጀርባ ያለውን ጥምዝ ማወቅ ይቀድማል።

ጥምዙ የት ነው፣ ምን ይሠራል

የበሬ፣ የበግና የፍየል ብልት በሰውነት ውስጥ ቀጥ ብሎ አይተኛም። ከቆለጡ ከረጢት ጀርባ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ ከጎን ሲታይ የላቲኑን ኤስ ፊደል ይመስላል። በሕክምና ትምህርት «ሲግሞይድ» የሚባለው ሲግማ ከተባለው የግሪክ ፊደል ተወስዶ ነው። በሰው ትልቁ አንጀት መጨረሻ አካባቢ ያለው እጥፋትም በዚሁ ስም ይጠራል፤ የአገራችን ቀዶ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት የአንጀት መጠማዘዝ በብዛት የሚደርሰው እዚያ ላይ ነው።

በእነዚህ እንስሳት ጥምዙ ሥራ አለው። ብልታቸው እንደ ፈረስ በደም ተሞልቶ የሚወፍር አይደለም፤ ጅማታም ነው፣ ውፍረቱ ብዙም አይጨምርም። በስሪያ ጊዜ ጥምዙ ይዘረጋና ብልቱ ይወጣል። የደረሰ ኮርማ ብልት 1 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ወደ ውጭ ሲወጣ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው የሚገኘው ከጥምዙ መዘርጋት ነው። ስሪያው ሲያበቃ ሁለት ቀጫጭን ሳቢ ጡንቻዎች መልሰው ያጥፉታል። ጡንቻዎቹ የሚያያዙት ወደ ጫፉ በቀረበው በሁለተኛው እጥፋት አጠገብ ነው። በአሳማና በግመል ጥምዙ ከቆለጡ ፊት ይገኛል፤ ፈረስና አህያ ጨርሶ የላቸውም።

የሽንት ቱቦው በብልቱ ውስጥ ስለሚያልፍ አብሮት ይታጠፋል። ከፊኛው ሲነሳ ሰፊ ነው፤ ወደ ጫፉ በሄደ ቁጥር ይጠባል። ትንሽ ጠጠር ሰፊውን ክፍል በቀላሉ ያልፍና ሁለተኛው እጥፋት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቱቦው ደግሞ ሲቆጣ ይኮማተራል፤ ጠጠሩን ጨምድዶ ይይዘዋል። በሰንጋ ላይ ጠጠር አብዝቶ የሚገኘው እዚሁ ነው።

በግና ፍየል ሌላም ወጥመድ አለባቸው። ከብልታቸው ጫፍ አልፎ የሚንጠለጠል፣ ወፍራም ክር የሚመስል ጭራ አለ። በአውራ በግ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ቀዳዳው ከጠቅላላው ቱቦ ጠባቡ ነው። ጤነኛ ሲሆን ሮዝ ቀለም ያለውና ለስላሳ ነው። ጠጠር ሲገባበት ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ በጣት ሲያሹት ውስጡ አሸዋ ያለ ያህል ይቆረቁራል። ስለዚህ በበግና በፍየል መጀመሪያ የሚፈተሸው ጭራው ነው፤ ጥምዙ ቀጥሎ ይመጣል።

የሴቶቹ ቱቦ አጭርና ሰፊ ስለሆነ ጠጠር ቢፈጠርባቸውም ከሽንት ጋር ይወጣል። በተመሳሳይ መኖ የሚደልቡት ሴት በጎች ምንም ሳይሆኑ ሙክቱ ብቻ የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሙክትም ቀድሞ የሚጠቃው ገና በልጅነቱ የተኮላሸው ነው። የሽንት ቱቦው የሚሰፋውና የብልቱ ጫፍ ከሸለፈቱ የሚላቀቀው በወንዴው ሆርሞን ነው። በ1 ወይም በ2 ወሩ የተኮላሸ ጠቦት ቱቦው ጠቦ ይቀራል። በየገጠሩ በጉን ከጎለመሰ በኋላ መቀጥቀጥ፣ በሬውንም ካረሰ ወይም ከደረሰ በኋላ ማኮላሸት ከዚህ አንጻር ሊጠበቅ የሚገባው ልማድ ነው። ቡርዲዞ (የማኮላሻ መቆንጠጫ) የያዘ ባለሙያ መንደር በመጣ ቀን ሁሉንም ጠቦት ባንዴ ማስቀጥቀጥ ጊዜ ይቆጥባል፤ ለማድለብ የታሰበውን ግን ቢያንስ 5 ወይም 6 ወር እስኪሞላው ማቆየት ይሻላል።

ሲዘጋ እንዴት ይታወቃል

መጀመሪያ ከሩቅ ይመልከቱት። ከመንጋው ይለያል፣ መኖ ይተዋል፣ የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይቆማል፣ ጅራቱን ይነቀንቃል፣ ሆዱን በእግሩ ይመታል፣ ጥርሱን ያፋጫል። ፍየል ይጮኻል። ተኝቶ ወዲያው ይነሳል። የሚያምጠው ለመጸዳዳት ይመስላል፤ ግራ የሚያጋባው ይኸው ነው። በጠጥ ከጣለ፣ ቢያንስ ጠዋት ጥሎ ከነበረ፣ ሐሳብዎን ወደ ሽንቱ ያዙሩ።

ከዚያ ቀርበው ይህን ያድርጉ፦

1. የሸለፈቱን ጸጉር ይንኩ። ጤነኛ በግ ጸጉሩ እርጥብ ነው ወይም የሽንት ሽታ አለው። የተዘጋበት ጸጉሩ ደረቅ ነው፤ ብዙ ጊዜም ነጭ ወይም ግራጫ ፍሬዎች ተጣብቀውበት ይገኛሉ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሲያሹት እንደ ደቃቅ አሸዋ ይፋጫል። ይህ ምልክት ከመዘጋቱ ቀናት ቀድሞ ሊታይ ስለሚችል በየሳምንቱ መፈተሽ ዋጋ አለው።

2. ከፊንጢጣው ሥር፣ በሁለቱ ታፋዎች መካከል ጣትዎን ያሳርፉ። ቱቦው ከዳሌ አጥንት ዞሮ የሚወርደው በዚያ ነው። ተዘግቶ ከሆነ ሽንቱን ለመግፋት ሲታገል የሚመታ የልብ ምት የመሰለ መርገብገብ ይሰማል።

3. ከዚያው ተነስተው በመሐል መስመሩ ወደ ቆለጡ ጀርባ ይውረዱ። ከቆዳው ሥር ጣት የሚያህል ጠንካራ ገመድ ይሰማዎታል፤ ጥምዙ ያ ነው። ሲነካ በጉ ከተወራጨ ወይም ቦታው ካበጠ ምልክት ነው። ጠጠሩን ከውጭ ተጭኖ ለመስበር ወይም ለመግፋት አይሞክሩ፤ ቱቦው ይቀደዳል።

4. ንጹሕና ደረቅ ወለል ላይ ለብቻው አስረው 1 ሰዓት ይጠብቁት። መሬቱ ከረጠበ ስንት እንደሆነ ይዩ። ጠብ ጠብ ማለት «ሸንቷል» አያሰኝም፤ ከፊል መዘጋት ነው። ጠብታው ላይ ደም ካለ ጉዳዩ ቆይቷል።

በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ከሁለት አንዱ ይከተላል። ፊኛው ከፈነዳ ሽንቱ ወደ ሆዱ ይፈስሳል። ሕመሙ ባንዴ ስለሚቀንስ በጉ ማማጡን ይተዋል፤ አንዳንዱም መኖ ይቀምሳል። ባለቤቱ «ዳነ» ብሎ ሐኪም መጥራቱን የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ሆዱ በሁለቱም ጎን ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል፤ በአንድ ጎን መታ ሲያደርጉት በሌላው ጎን ውሃው ሲናወጥ ይታወቃል። ቱቦው ጥምዙ ላይ ከተቀደደ ደግሞ ሽንቱ ከቆዳው ሥር ይሰራጫል፤ ከቆለጡ እስከ እምብርት ያለው ሆድ ያብጣል፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ይቀራል፣ ቆይቶም ቆዳው ቀዝቅዞ ይጠቁራል።

ለማርቢያ የሚያዝ ኮርማ ካለዎት አንድ ነገር እንዳይምታታብዎ። ከስሪያ በኋላ በድንገት ከቆለጡ ፊት ለፊት የሚወጣ ኳስ መሰል እብጠት ብዙ ጊዜ ከጠጠር ጋር አይገናኝም። ብልቱ በስሪያ ላይ ሲታጠፍ የውስጥ ሽፋኑ ይቀደድና ደም ይቋጥራል፤ የሚቀደደውም በአብዛኛው ያው ሁለተኛው እጥፋት ላይ ነው። ይህ ኮርማ በደንብ ይሸናል። መኖ ሲበላ ይታያል። የሚያስፈልገው ከላሞቹ ተለይቶ ቢያንስ 2 ወር ማረፍና የሐኪም ክትትል ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ሐኪም ወይም የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያውኑ ይጥሩ። እስኪመጣ እህሉንና ፉርሽካውን አንስተው ድርቆሽ ብቻ ይተዉለት፣ ውሃ ከፊቱ ያስቀምጡ፣ አይጋቱት፣ አያሩጡት። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ላሲክስ፣ እንዳይሰጥ። መውጫው በተዘጋ ፊኛ ላይ ሽንት መጨመር ማፈንዳት ነው። ለሰው የሚሸጥ የሕመም ማስታገሻም በግምት አይስጡ፤ ውሃ ባነሰውና በተጨነቀ ኩላሊት ላይ ጉዳት ያደርሳል።

ባለሙያው መጀመሪያ የሚሠራው በግና ፍየል ከሆነ ጭራውን ማየት ነው። በጉ እንደሚሸለት በግ በቂጡ ይቀመጣል፤ ረዳቱ ከኋላ ደግፎ ጀርባውን ወደ ፊት ያጎብጠዋል። ባለሙያው በአንድ እጁ ከቆለጡ ጀርባ ጥምዙን ከቆዳው ውጭ ይዞ ወደ ፊት ይገፋል፤ በሌላው ሸለፈቱን ወደ ኋላ ይስባል። ጥምዙ ሲዘረጋ ጫፉ ብቅ ይላል፤ በደረቅ ፋሻ ይያዛል፣ አለዚያ ያዳልጥና ይመለሳል። ጭራው ጠጠር ከያዘ ከሥሩ ንጹሕ መቀስ ተደርጎ ይቆረጣል። ደሙ ጥቂት ነው፤ የአውራ በግ የማስረገዝ ችሎታም በዚህ የጎላ ጉዳት አይደርስበትም። ጠጠሩ ያለው ጭራው ላይ ብቻ ከነበረ ሽንቱ እዚያው በኃይል ይፈስሳል።

ይህን ያለ ልምድ ቤት ውስጥ መሞከር የለብዎትም። በልጅነቱ የተኮላሸ በግ ጫፉ ከሸለፈቱ ጋር የተጣበቀ ሊሆን ስለሚችል ሲጎትቱት ይቀደዳል። ማደንዘዣም ይፈልጋል። በየክሊኒኩ የተለመደው ዛይላዚን ሽንት ስለሚያበዛ ፊኛው ከመከፈቱ በፊት የሚመረጥ አይደለም፤ ባለሙያው ሌላ አማራጭ ይኖረዋል፤ ስለ በሽታው ሲነግሩት «ሽንቱ ከተዘጋ ይህን ያህል ሰዓት ሆኖታል» ብለው ሰዓቱን በግልጽ ይንገሩት። ቀጭን ጎማ ከጫፉ ከትቶ እስከ ፊኛው ማድረስ ለምን እንደማይቻል የሚጠይቁ አሉ። በበግ፣ በፍየልና በበሬ ቱቦው ከዳሌ አጥንት ሲዞር የጎን ኪስ አለው፤ ጎማው እዚያ ገብቶ ይቀራል። ከዚያ በፊትም ጥምዙ ያስቆመዋል።

ጭራው ተቆርጦ ሽንት ከወረደ በኋላ ቢያንስ 3 ቀን በቅርብ ይከታተሉት። ጠጠር አንድ ብቻ ሆኖ የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ፊኛው ውስጥ የቀሩት እየወረዱ አሁን ጥምዙ ላይ ይቆማሉ። ያን ጊዜ የሚቀረው ቀዶ ጥገና ነው። ለሥጋ በሚደልብ ሰንጋ ላይ ሐኪሙ ከፊንጢጣው በታች ቱቦውን ከፍቶ ሽንቱ በዚያ እንዲወጣ ያደርጋል፤ በሬው ለወራት ይቆይና ሲያገግም ይሸጣል። ለማርቢያ ግን አይሆንም።

ማረድስ? ፊኛው ሳይፈነዳ፣ መድኃኒትም ሳይሰጠው በመጀመሪያው ቀን ለመታረድ የሚበቃ እንስሳ ከሆነ ከባለሙያው ጋር ሊወስኑበት የሚገባ ምርጫ ነው፤ ሥጋው በሥጋ መርማሪ መታየት አለበት። ሽንቱ ወደ ሆዱ ወይም ወደ ቆዳው ከፈሰሰ ሥጋው ይሸታል፣ ለምግብ አይሆንም። መድኃኒት ከተወጋ ደግሞ ባለሙያው የሚነግርዎትን የመቆያ ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው።

ጠጠሩ የሚጀምረው ከገንዳው ነው

በማድለቢያ ውስጥ ዋናው ጠጠር የሚሠራው ከፎስፈረስ ነው። የስንዴ ፉርሽካ 100 ግራሙ 1.1 ግራም ገደማ ፎስፈረስ አለው፤ ካልሲየሙ ግን 0.13 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በቆሎም ቢሆን 0.3 ለ0.03 ነው። የኑግና የሌላውም ፋጉሎ ፎስፈረስ ከካልሲየሙ ይበልጣል። የሚፈለገው ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ለ1 ፎስፈረስ 2 ካልሲየም። ካልሲየም ሲበዛ ፎስፈረሱን አንጀት ውስጥ ይይዘውና በበጠጥ ያስወጣዋል። ካልሲየም ሲያንስ ፎስፈረሱ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሽንት ያልፋል። ሽንት ውስጥ ፉርሽካ ከሚያበዛው ማግኒዚየምና ከአሞኒያ ጋር ተጣምሮ ይረጋል።

በቁጥር እንየው። 30 ኪሎ የሚመዝን ሙክት በቀን 500 ግራም የሳር ድርቆሽ፣ 400 ግራም ፉርሽካ፣ 100 ግራም ክክ በቆሎ ቢበላ፣ ድርቆሹ 2 ግራም ካልሲየምና 1 ግራም ፎስፈረስ፣ ፉርሽካው 0.5 ግራም ካልሲየምና 4.4 ግራም ፎስፈረስ ይሰጠዋል፤ በቆሎው ፎስፈረስ 0.3 ግራም ይጨምራል። ድምሩ ካልሲየም 2.5፣ ፎስፈረስ 5.7 ነው። ሚዛኑ ተገልብጧል። ይህን በካልሲየም ብቻ ለማስተካከል 36 በመቶ ካልሲየም ያለው ላይምስቶን (የተፈጨ የኖራ ድንጋይ) በቀን 25 ግራም ያስፈልጋል፤ ይህ ብዙ ነው፣ በጉም መኖውን ይጠላዋል። ፉርሽካውን ወደ 200 ግራም ቢቀንሱ፣ በቆሎውን 200፣ ድርቆሹን 600 ግራም ቢያደርጉት ግን ፎስፈረሱ ወደ 4 ግራም ይወርዳል፤ 15 ግራም ላይምስቶን ይበቃዋል። ፉርሽካን ማጥፋት አያስፈልግም፤ ከድምሩ ከ5ኛው እጅ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። የጎደለውን ፕሮቲን ጥቂት ፋጉሎና የደረቀ አልፋልፋ ይሞሉታል። 300 ግራም ደረቅ አልፋልፋ ብቻውን 4 ግራም የሚጠጋ ካልሲየም ሲኖረው ፎስፈረሱ 1 ግራም አይሞላም።

አልፋልፋን ብቻ ማብላት ግን ሌላ ጠጠር ያመጣል፤ ካልሲየም ከሚገባው በላይ ሲበዛ የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠር ይረጋል። ድርቆሽ፣ ጥቂት እንደ አልፋልፋ ያለ የጥራጥሬ ሳር፣ ጥቂት እህል ተደባልቆ ሲሰጥ ነው የሚበጀው።

ላይምስቶን ሲገዙ ከመኖ ማቀነባበሪያ ወይም ከዶሮ መኖ መሸጫ ይግዙ። ለግድግዳ የሚቀባው ኖራ ሌላ ነው፤ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ስሙ ስለሚቀራረብ በተደጋጋሚ የሚሳሳቱበት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ማመንዠግ ማነስ ነው። የሚያመነዥግ እንስሳ ፎስፈረሱን በምራቁ አድርጎ ወደ ሆዱ ይመልሰዋል፤ ከዚያም በበጠጥ ይወጣል። ምራቅ የሚበዛው ረጅም ሳር ወይም አገዳ ሲታኘክ ነው። ዱቄት ብቻ የሚልስ በግ ምራቁ ያንሳል፣ ፎስፈረሱም በኩላሊት ይወጣል። የሐረርጌ ገበሬ ሰንጋውን አስሮ የማሽላና የበቆሎ ቅጠል፣ ከማሳው የተመነጠረውን ቡቃያ ቀኑን ሙሉ በእጁ ሲያጎርስ በዚህ በኩል ትክክለኛውን ያደርጋል። ከቀኑ መኖ ቢያንስ ግማሹ ረጅም ሳር ይሁን። እህሉንም በቀን አንድ ጊዜ ባንዴ ከመድፋት ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፋፍሉት፤ ባንዴ የጠገበ እንስሳ ለጊዜው ሽንቱ ያንሳል፣ ይወፍራል።

ውሃና ጨው

የትኛውም ማዕድን ውሃን አይተካም። ደረቅ መኖ የሚበላ 30 ኪሎ በግ በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር፣ ሲሞቅም ከዚያ በላይ ይጠጣል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ውሃ ማጣት አይደለም፤ ውሃው ቆሽሾ ወይም ቀዝቅዞ በጉ ሳይጠጣው መቅረቱ ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት በረዶ የመሰለ ውሃ ከንፈሩን ነክሮ ይተወዋል። ረፋድ ላይ ፀሐይ የነካው ወይም ለብ ያለ ውሃ ይስጡት። ገንዳውን በየቀኑ ያጥቡት፤ በጠጥ የወደቀበትን አይጠጣም። «አተላ ጠጥቷል» ተብሎ ውሃ መንፈግም ስህተት ነው።

ጨው የሚጠቅመው በጉን ስለሚያስጠማውና ሽንቱን ስለሚያቀጥነው ነው። አሞሌውን ሰቅሎ ማስላስ ጥሩ ነው፤ ግን አንዱ ይልሳል፣ አንዱ ዞር ብሎም አያየውም። ተፈጭቶ ከመኖው ጋር ሲደባለቅ ሁሉም እኩል ያገኛል። ለ1 ኪሎ መኖ በመጀመሪያው ሳምንት 10 ግራም፣ በሁለተኛው 20፣ በሦስተኛው 30 ግራም ያድርጉ፤ ከ40 ግራም አይለፉ። ውሃ ቀኑን ሙሉ ከፊቱ ከሌለ ግን ጨው አይጨምሩ፤ ውሃ በሌለበት የበዛ ጨው ራሱ መርዝ ነው።

የተጠቁ በጎች ካሉዎት ባለሙያው አሞኒየም ክሎራይድ ያዝዛል። ሽንቱን ወደ አሲድነት ያዞረዋል፤ የፎስፈረስ ጠጠር በአሲድ ውስጥ አይረጋም። መጠኑ በቀን ለ1 ኪሎ ክብደት 200 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ 30 ኪሎ ለሚመዝን በግ 6 ግራም፣ ለሰንጋ ከ50 እስከ 80 ግራም። በግራም ሚዛን ይመዘን፤ በማንኪያ ግምት አይሠራም። ጣዕሙ ስለሚከብድ በጥቂት ውሃ ወይም በሞላሰስ በረጠበ መኖ ላይ ይታሻል። ከዩሪያም ሆነ ከሌላ ማዳበሪያ ጋር በፍጹም አይምታታ፤ ሁለቱም ነጭ ፍሬ ናቸው፣ ዩሪያው ግን በዝቶ ባንዴ ከተላሰ ሊገድል ይችላል። ለ3 ወር ማድለቢያ ይበቃል፤ ዓመት ሙሉ ከተሰጠ ከአጥንት ካልሲየም ያጥባል። የዘጋውን ጠጠር ግን አያሟሟውም፤ ለመከላከያ ነው። ሶዳ ደግሞ ሽንቱን ወደ ተቃራኒው ስለሚወስደው ሆድ ለተነፋው በግ በየጊዜው መስጠቱን ከባለሙያ ጋር ይነጋገሩበት።

ለበዓል ገዝቶ ለሚያቆይ ሰው

ከፋሲካ፣ ከገና ወይም ከአረፋ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድሞ በግ ገዝቶ ግቢ ውስጥ ማሰር የከተማው ልማድ ነው። ይህ በግ መንገድ ላይ ውሃ ሳያገኝ ውሎ ይመጣል፤ ግቢ ሲደርስ የሚሰጠው ደግሞ ፉርሽካና የወጥ ቤት ትራፊ ነው። ከሳር ወደ እህል ባንዴ መዞሩና ጥሙ ሲደራረቡ አደጋው ከፍ ይላል። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ድርቆሽና ውሃ ብቻ ይስጡት። ፉርሽካውን በ4ኛው ቀን በአንድ ኩባያ ጀምረው በየሁለት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ። የታሰረበት ገመድ ውሃው ጋ ያድርሰው።

ከ10 በላይ የሚያደልቡ ከሆነ የሽንትን አሲድነት (ፒኤች) የሚለካ ወረቀት ከፋርማሲ ገዝተው በ2 ሳምንት አንዴ ሦስት አራት በጎችን ይለኩ። ጠዋት ከተኙበት ሲነሱ ወዲያው ስለሚሸኑ ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋ ይዞ ቀስ ብሎ መቅረብ ይበቃል፤ ወረቀቱ ገና ትኩስ ሽንት ውስጥ ይነከራል፣ የቆየ ሽንት ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። ሳር የሚበላ በግ ብዙ ጊዜ ከ7 በላይ ያሳያል። አሞኒየም ክሎራይድ የሚወስዱት ከ6 እስከ 6.5 ላይ ካልወረዱ ወይ መጠኑ አንሷል፣ ወይ ገንዳው ሥር ቀርቷል፤ መጠኑን ከመጨመርዎ በፊት የገንዳውን ጥግ በእጅዎ ይዳብሱት።